ጆን ሚዩር፦ ተራራን ለሰው ያስተዋወቀው ስደተኛ

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢያን፣ እስቲ ኪሳችሁን ወይም የመኪናችሁን የሳንቲም ማስቀመጫ ፈትሹ። በ2005 ለካሊፎርኒያ ግዛት መታሰቢያ የወጣው ኳርተር ከተገኘ፣ በአንድ ገጽታው ላይ ጢሙ የረዘመ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ቀና ብሎ አንድ ግዙፍ ቋጥኝ ሲመለከት ታያላችሁ። ከበላዩ ኮንዶር የተባለው ትልቅ አሞራ ያንዣብባል። ይህ ሰው ጄኔራል አልነበረም፤ ፕሬዚዳንትም አልነበረም። በአሜሪካም አልተወለደም። ጆን ሚዩር ይባላል። በልጅነቱ አትላንቲክን ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የተነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከሌላ አገር መጥቶ ሳለ የገባበትን ምድር በዚያው ከተወለዱት ብዙዎች የበለጠ ማወቁ ሁልጊዜ ስለሚደንቀኝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጨረሻው ትግሉ ከእኔ ሙያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። ያ ትግል በአንድ ግድብ የተነሣ ነበር። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ በግድብ ጉዳይ ደግሞ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ የራሱ አስተያየት አለው።

በእኛ አገር ሰው ተራራ የሚወጣው በምክንያት ነው። ከብት ጠፍቶበት፣ አናቱ ላይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም፣ ሸፍቶ ወይም መንኖ ሊሆን ይችላል። እንዲያው ለማየት ብቻ የሚወጣ ቢገኝ ጎረቤቱ ምን ነካው ማለቱ አይቀርም። በሚዩር ዘመን በነበረችው ካሊፎርኒያም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚወጣው በአብዛኛው ወርቅ ፈላጊ፣ እንጨት ቆራጭ ወይም እረኛ ነው። ሚዩርን ካየናቸው ሰዎች ለማመሳሰል ብንሞክር ከሁሉም ይልቅ ለባሕታዊ ይቀርባል። ልዩነቱ፣ ባሕታዊ ያየውን በልቡ ይዞ ይቀራል፤ ሚዩር ግን ያየውን ለማውራት ወደ ከተማ ይመለስ ነበር።

የተወለደው ኤፕሪል 21 ቀን 1838 በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ደንባር በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከስምንት ልጆች ሦስተኛው ነበር። አባቱ ዳንኤል የእህል ነጋዴ ሲሆን፣ በሃይማኖቱ እጅግ ጥብቅና በልጆቹም ላይ እጁ የማይሰንፍ ሰው ነበር። ጆን አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላው አዲስ ኪዳንን በሙሉ፣ ብሉይ ኪዳንንም አብዛኛውን በቃሉ ያጠናው በአለንጋ ብዛት ነው። ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገማችሁ አንባቢያን ይህን ትምህርት ቤት ሳታውቁት አትቀሩም።

በ1849 አባትየው ከልጆቹ ሦስቱን ይዞ በመርከብ ተሳፈረ። ከስድስት ሳምንት የባሕር ጉዞ በኋላ አሜሪካ ገብተው በዊስኮንሰን ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። እናትየውና የቀሩት ልጆች የተከተሉት ቤት ከተሠራ በኋላ ነው። ስደት ለአባትየው የእምነት ነጻነት፣ ለልጆቹ ግን ከባድ ጉልበት ማለት ሆነ። ጆን ገና ቁመቱ ከዕርፉ ብዙም ሳይበልጥ ማረስ ጀመረ።

ከዚያ ዘመን አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ቤተሰቡ ወደ ሁለተኛው እርሻ ሲዛወር ውኃ አልነበረም። ከላይ ጥቂት አፈር፣ ከሥር ጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጆን በየማለዳው በባልዲ እየወረደ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በመዶሻና በመሮ ድንጋዩን ሲፈለፍል ወራት አለፉ። ጥልቀቱ 80 ጫማ ገደማ ሲደርስ ሌሊቱን ከታች የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠበቀው። እንደ ወረደ ራሱን ሊስት ሲል፣ ለጥቂት ተርፎ አባቱ ጎትቶ አወጣው። ከአንድ ሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ያው ልጅ እንደገና ወረደና 90 ጫማ (27 ሜትር ያህል) ላይ ውኃ አገኘ።

ማታ ማንበብ ተከለከለ። አባትየው ግን ማለዳ ለመነሣት ፈቀደለት። ልጁ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት (በእነሱ አንድ ሰዓት) ላይ መነሣት ጀመረ! ምድር ቤት ወርዶ፣ በቁራጭ እንጨትና ራሱ በሠራቸው መሣሪያዎች ሰዓት ይቀርጽ ነበር። ጥርሱና መዘውሩ በአብዛኛው እንጨት የሆነ፣ በትክክል የሚቆጥር ሰዓት ነው። ከዚያም ሰዓቱን ከአልጋ ጋር አያይዞ፣ በተወሰነው ደቂቃ አልጋው ተንሸራትቶ የተኛውን ሰው በእግሩ የሚያቆም መሣሪያ ሠራ። እነዚህን ሥራዎች በ1860 ማዲሰን ከተማ በተደረገው የግዛቱ ትርኢት ላይ ሲያቀርብ ሕዝብ ተሰበሰበበት፤ ጋዜጣም ጻፈለት። በዚያው ሰበብ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ከአንድ ዛፍ አበባ ቀጥፎ፣ ያ ትልቅ ዛፍ ከአተር ጋር አንድ ዘር መሆኑን አሳየው። የዕፀዋት ፍቅር በዚያች ደቂቃ ያዘው። በ1863 ዲግሪ ሳይዝ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በካናዳና በኢንዲያናፖሊስ ፋብሪካዎች ሠራ። የማሽን ነገር እጁ ላይ ነበር። በገባበት ሁሉ ምርቱ ይጨምራል፤ ወጪው ይቀንሳል። በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ስሙን የምናውቀው፣ ካወቅነውም፣ ከፋብሪካ ባለቤቶች ተርታ ይሆን ነበር።

በማርች 1867 ግን የማሽን ቺንጋ ሊያጠብቅ፣ ስፌቱን በሞረድ ጫፍ ሲፈታ ሞረዱ አምልጦት ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ጥቂት ቆይቶ ያልተነካው ግራ ዓይኑም ጨለመ። በሃያ ስምንት ዓመቱ ለሳምንታት በጨለማ ክፍል ውስጥ ተኛ። ማየት እችላለሁ ወይስ አልችልም የሚለው ጥያቄ ብቻውን ከእሱ ጋር ነበር። የእኛ ሰው እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላል። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሲመለስለት ሚዩር ከፋብሪካው ተሰናበተ። ዓይኑ ከተመለሰ የሚያይበትን ነገር ራሱ ሊመርጥ ወስኖ ነበር።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ከኬንታኪ ተነሥቶ እስከ ፍሎሪዳ የባሕር ጠረፍ ድረስ 1,000 ማይል ያህል (1,600 ኪሎ ሜትር) በእግሩ ተጓዘ። የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመቱ ነው። ደቡቡ ተቃጥሎ፣ መንገዱ ሽፍታ የበዛበት ነበር። ሻንጣው ውስጥ ከጥቂት መጻሕፍትና ዕፀዋት ማድረቂያ በቀር የሚዘረፍ ነገር አልነበረም። ፍሎሪዳ ሲደርስ ወባ ጣለችው። ሲያገግም ወደ ኩባ ተሻገረ፤ ሐሳቡ አማዞን ነበር። ጤናው አልፈቀደምና በ1868 መንገዱን ቀይሮ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ከተማይቱን ሊያይ እንኳ አልቆየም፤ ከከተማ የሚያስወጣውን ቅርብ መንገድ ጠይቆ በእግሩ ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ አመራ።

በ1869 ክረምት (የእነሱ በጋ) የበጎች መንጋ ተከትሎ ወደ ሴራ ኔቫዳ ከፍታዎች ወጣ። ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ተራራውን ያየው ግን በዚያ ሰበብ ነው። በጎቹ ባለፉበት አበባና ሣር ተጠራርጎ ሲቀር አየና፣ ከዚያ በኋላ በግ በእሱ ዘንድ ከአንበጣ መንጋ የተሻለ አልነበረም። ቀጥሎ በሸለቆው ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ አቁሞ ያንቀሳቅስ ጀመር። የሚሰነጥቀውም ነፋስ የጣላቸውን ዛፎች ብቻ ነበር። ትርፍ ቀን ሲያገኝ ደረቅ ዳቦና ሻይ ቅጠል ቋጥሮ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ብርድ ልብስ፣ ወደ ተራራው ይወጣል። በሶ ጨብጠው አገር ያቋረጡት አባቶቻችን ይህን ስንቅ ባልናቁበት ነበር።

እንግዲህ እኔን እንደ መሐንዲስ ከሁሉ የሚማርከኝ ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። በዘመኑ የካሊፎርኒያ ግዛት ዋና ጂኦሎጂስት የነበረው ጆሳያ ዊትኒ፣ የዮሰሚቲ ሸለቆ የተፈጠረው መሬቱ በድንገት ወደ ታች ሰጥሞ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ሚዩር ደግሞ በየቋጥኙ ላይ የተፋቀውንና የተወለወለውን ምልክት እየተከተለ፣ ሸለቆውን የጠረበው ግግር በረዶ ነው አለ። ባለሥልጣኑ ይህን የእረኛ ወሬ አድርጎ ናቀው። ሚዩር ግን አልተሟገተም፤ ለካ። በ1871 በተራሮቹ ጥላ ውስጥ ገና በሕይወት ያለ ግግር በረዶ አገኘ። በ1872 ደግሞ ማክሉር በተባለው ግግር ላይ በቀጥታ መስመር ችካሎች ተከለ። ከ46 ቀን በኋላ ተመልሶ ሲያይ፣ ከመሐል አካባቢ ያለው ችካል 47 ኢንች ወደ ታች ተጉዟል። በቀን አንድ ኢንች (2.5 ሴንቲ ሜትር) ገደማ መሆኑ ነው። ከአራት እንጨትና ከአንድ ገመድ ብዙ የማይበልጥ መሣሪያ ነበረው! የኋላ ዘመን ጂኦሎጂስቶች፣ ሚዩር የበረዶውን ስፋት አጋንኖ የወንዞችን ድርሻ ቢያሳንስም፣ በዋናው ነገር ከዊትኒ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበው እሱ መሆኑን አረጋግጠዋል። ከ140 ዓመት በኋላ በ2012 የፓርኩ ባለሙያዎች እንደገና ሲለኩ፣ ማክሉር እጅግ መንምኖ ቢገኝም፣ ያኔም በቀን አንድ ኢንች ገደማ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሚዩር በወቅቱ ማንም የማያደርገውን አደረገ። በዲሴምበር 1874 በማዕበል ቀን፣ ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ለሰዓታት ተንጠልጥሎ ዋለ። በ1875 ሻስታ ተራራ አናት ላይ የበረዶ ውሽንፍር ይዞት፣ ከባልንጀራው ጋር የፍል ውኃ እንፋሎት በሚወጣበት ጭቃ ላይ ተጋድሞ አደረ። ከሥር ጀርባው ይቃጠላል፤ ከላይ ፊቱ በረዶ ይጋግራል። ነግቶ በሕይወት ወረዱ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በእሱ ብቻ ቢቀር ኖሮ ስለ እሱ አንጽፍም ነበር። መጻፍ ለሚዩር ጭንቅ ነበር። አንዲትን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ ይውላል። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ባለቤት የነበሩት ጂን ካር ዓመታት ሙሉ በደብዳቤ እየወተወቱ ብዕር አስጨበጡት። በሕዝብ ፊት መናገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። በጃንዋሪ 1876 በሳክራሜንቶ ከተማ ስለ ግግር በረዶ ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ፍርሃቱን ያየው ወዳጁ ሠዓሊው ዊልያም ኪት የራሱን የተራራ ሥዕል ይዞ እንዲሄድና ሲጨንቀው እሱን እንዲመለከት መከረው። ሚዩር መድረክ ላይ ቆሞ ተርበተበተ። ከዚያ ሥዕሉን አየ። ተራራው ትዝ አለውና አዳራሹን ረሳው። ከዚያች ማታ በኋላ አድማጭ ፊት መቆም ተቻለው።

በ1879 ወደ አላስካ ተጓዘ። የትሊንጊት ተወላጆች በታንኳ እየቀዘፉ፣ መንገዱን እያሳዩ ዛሬ ግሌሸር ቤይ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ አደረሱት። በ1880 እንደገና ሄዶ፣ ስቲኪን የተባለች ትንሽ ውሻ ተከትላው ግግር በረዶ ላይ ማዕበል ያዛቸው። ከፊታቸው ትልቅ ስንጥቅ፣ በላዩም እንደ ክር የቀጠነ የበረዶ ድልድይ ነበር። ሚዩር በመጥረቢያ ደረጃ እየቆረጠ ተሻገረ። ውሻዋ ከማዶ ቆማ አለቀሰች፤ በመጨረሻም ደፍራ ተሻገረች። ይህን ታሪክ በየማዕዱ ዓመታት ሲተርክ ኖሮ ያሳተመው በ1897 ነው። ሰው ደጋግሞ ያስተረከው ነበርና።

በዚያው በ1880 ሉዊዛ ስትረንዝልን አገባ። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ማርቲኔዝ በተባለችው ከተማ የአማቱን የወይንና የፍራፍሬ እርሻ ተረክቦ ለአሥር ዓመት ያህል ተጋ። ገንዘብ ያዘ፤ ጤናው ግን ተጎዳ፣ ብዕሩም ደረቀ። ለቤተሰብ ሲል ሁለት ሥራ የሚሠራ ስደተኛ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። ከዚህ ያወጣችው ሚስቱ ናት። እርሻው እሱን የሚበላው ከሆነ ይሸጥ ብላ ወደ ተራራውና ወደ ጽሑፉ መለሰችው።

በ1889 የሴንቸሪ መጽሔት አዘጋጅ ሮበርት አንደርውድ ጆንሰን ከእሱ ጋር ዮሰሚቲ ወጥቶ ድንኳን ተከለ። በጎች የጨረሱትን መስክ አሳየው። ጆንሰን ሁለት ጽሑፍ እንዲጽፍ አስማማው፤ ራሱም በዋሽንግተን ይሟገት ጀመር። ጽሑፎቹ በ1890 ወጡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ሕግ ሆነ። በ1892 ሴራ ክለብ ሲመሠረት ሚዩር ፕሬዚዳንት ተባለ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው ቆየ። በሜይ 1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አጀባቸውን ትተው ሦስት ሌሊት ከእሱ ጋር ሜዳ ላይ አደሩ፤ አንዱን ሌሊት በረዶ ሲጥልባቸው አደረ። እሳት ዳር የተጨዋወቱት ከንቱ አልቀረም። ሸለቆው ራሱ ከካሊፎርኒያ ግዛት ወደ ፌዴራል መንግሥት ተላለፈ።

በሰባ ሦስት ዓመቱ፣ በ1911፣ የወጣትነት ሕልሙን ሊፈጽም ብቻውን ተነሣ። አማዞንን አየ። ከዚያ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ የቪክቶሪያ ፏፏቴንና የባኦባብ ዛፍን ተመለከተ፤ የነጭ ዓባይ መነሻ የሆነውን የቪክቶሪያ ሐይቅንም አየ። በቀይ ባሕር በኩል ሲመለስ ከእኛ ተራሮች ብዙም ሳይርቅ አለፈ።

አሁን ወደ ግድቡ እንምጣ። ከዮሰሚቲ ሸለቆ በስተ ሰሜን፣ በዚያው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሄች ሄቺ የሚባል ሌላ ሸለቆ አለ። ሚዩር የዮሰሚቲ መንትያ አድርጎ ያየው ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ውኃ ጠማት። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ ከተማይቱን ሲያወድማት ጥያቄው በረታ። ሸለቆውን በግድብ ዘግቶ ውኃውን ወደ ከተማ ማውረድ ተፈለገ። ሚዩር ሰባት ዓመት ሙሉ ጻፈ፣ ተናገረ፣ ተማጸነ። ወዳጆቹ ሳይቀሩ ለሁለት ተከፈሉ። በዲሴምበር 1913 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሕጉን ፈረሙ። ሚዩር ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1914፣ በሎስ አንጀለስ ሆስፒታል በሳንባ ምች ሞተ። የአላስካ መጽሐፉ ረቂቅ አብሮት ነበር። ግድቡ በ1923 ተጠናቀቀ፤ ውኃው በ1934 ከተማ ደረሰ።

ሳን ፍራንሲስኮ የምትኖሩ ወገኖቼ ቧንቧ ስትከፍቱ የምትጠጡት በአብዛኛው ያንን ውኃ ነው። ከ160 ማይል በላይ ያለ ፓምፕ፣ በመሬት ስበት ብቻ ይወርዳል፤ በመንገዱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በሙያዬ ስመለከተው እጅግ የሚያምር ሥራ ነው። ውኃ ለመቅዳት ሴቶች ከሌሊት የሚነሡበት አገር ልጅ ሆኜ ለከተማ ሕዝብ ውኃ መስጠትን ማውገዝ አልችልም። ሆኖም ከሚዩር ክርክር ውስጥ አንዱ ጥያቄ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚገባ ነው። ሌላ ቦታ የለም ወይ? በጊዜው ሌሎች ወንዞች በአማራጭነት ቀርበው ነበር። የሄች ሄቺ ብልጫው ቦታው ለግድብ መመቸቱ፣ መሬቱም የመንግሥት በመሆኑ ርካሽ መሆኑ ነበር። የእኛ የዓባይ ግድብ ነገር ለየት ያለ ነው፤ በጨለማ የሚኖር ሕዝብ መብራት ይፈልጋል። ያም ሆኖ ግድብ ሲሠራ ከውኃው በታች የሚቀረውን ቆጥሮ መመዝገብ የሥራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያስተማረኝ ከመጻሕፍቶቼ ይልቅ የተሸነፈው ሚዩር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የሰውየውንም ጉድለት ማለፍ አይገባም። ዮሰሚቲ ባዶ አልነበረም። አዋኒቺ የተባሉት ተወላጆች ይኖሩበት ነበር፤ ሚዩር ከመድረሱ ቀደም ብሎ በ1851 የታጠቀ ኃይል ገብቶ አባረራቸው። ሚዩር በወጣትነቱ ስለ ተወላጆችና በደቡብ ስላገኛቸው ጥቁሮች የጻፈው ውስጥ ንቀት ያለበት ነገር አለ። በአላስካ ከትሊንጊቶች ጋር ከኖረ በኋላ አስተያየቱ ተለውጧል፤ ተራራውን ሲስል ግን ሰው የሌለበት አድርጎ መሳሉን አልተወም። ራሱ ያቋቋመው ሴራ ክለብም በ2020 ይህን በይፋ አምኗል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያው እያነሰ በመሄዱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ዋልያው ግጦሽ ያስፈልገዋል። የግጭ ገበሬም አያት ቅድመ አያቱ ገብስ የዘሩበትን መሬት ነው የለቀቀው። ፓርክ የሚለው ሐሳብ ወደ እኛ ሲመጣ ከነበጎነቱና ከነዕዳው መጥቷል።

እኔ ከሚዩር የምወስደው የሰዓት ሠሪውን ትዕግሥትና የችካሉን ልኬት ነው። የሚወደውን ቦታ በእግሩ ረገጠ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ ወደ ከተማ ወርዶ ለማያውቁት ነገረ። የእኛን አገር ተራሮች በእግራቸው የሚያውቁ እረኞች፣ ነጋዴዎችና ካህናት ሞልተዋል፤ የሚያውቁትን የጻፈላቸው ግን ጥቂት ነው። ብዕርና ካሜራ የያዝነው ደግሞ ራስ ዳሸንን ከትምህርት ቤት ካርታ በቀር ያላየን ነን። በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስትገቡ፣ ከአዲስ አበባ ሠርግና ለቅሶ ሦስት ቀን ቆርሳችሁ ከአንድ የአካባቢው ሰው ጋር ተራራ ውጡ። እሱ የሚነግራችሁንም ስሙን ጨምራችሁ ጻፉት።

ቸር ይግጠመን።